ከወዲያ በኩል የሚቀረቀር በር

በሩ ከቆመ፣ ሲሚንቶው ከደረቀ፣ በያጁም ዕቃውን ጭኖ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ከወረደ በኋላ ነው ዊዳድ መቀርቀሪያውን ያጣችው። በመዳፏ ላሜራውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰች። እጀታ አለው። ቀለሙም እናቷ እንዳሉት አረንጓዴ ነው። መቀርቀሪያ ግን የለውም። በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን ወደ ታችኛው ግቢ ስታሰግ አየችው። ወፍራም ነው፣ አዲስ ነው፣ በደንብ ተበይዷል፤ ያለው ግን በጎረቤታቸው በወይዘሮ ገበያነሽ በኩል ነው።

ዊዳድ ኮምቦልቻ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቀኑን ሙሉ የተዛነፈ ስፌትና የጎደለ ቁልፍ ስትለቅም ትውላለች። የገዛ ቤቷ በር ተገልብጦ ሲገጠም ግን ከእናቷ ጋር ሐይቅ ለቅሶ ሄዳ ነበር።

እናቷ ወይዘሮ መርየም መጥተው አዩ። አልጮኹም። ሁልጊዜ የሚጠብቁት ክፉ ነገር በመጨረሻ የመጣላቸው ያህል ረጋ ብለው፣ «እንግዲህ የቤታችን ቁልፍ ሰው እጅ ገባ» አሉና ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

ሰፈሩ እንደ ደሴ ሰፈር ሁሉ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የአንዱ ቤት ጣሪያ ከሌላው ግቢ ጉልበት ላይ ይደርሳል። ድሮ በሁለቱ ግቢ መካከል የነበረው ቅንጭብ ብቻ ነው፣ ያም መሐሉ ክፍት። የላይ ሰፈር ሰው ወደ አስፋልቱ የሚወርደው በዚያ ነበር። የወይዘሮ ገበያነሽን የኮክ ዛፍ አልፎ፣ ከቧንቧው አጠገብ ጀሪካኑን አስቀምጦ፣ ትንሽ አውርቶ ይሄዳል። በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ግን ዘራፊዎች የገቡት በዚሁ መንገድ ነው። በዓመቱ የዊዳድ አባት ታመው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ መርየም እንቅልፍ የሚባል ነገር እንደ ዶሮ ሆነባቸው፤ አንድ ዓይን ተከድኖ አንድ ዓይን ተገልጦ። ቅንጭቡን አስነቀሉና በብሎኬት ግንብ አስገነቡ።

ሙሉ በሙሉ ሊደፍኑት ነበር። ያስቆማቸው የሰፈሩ ዕድር፣ ቅሬው ነው። በዚያ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፤ ድንኳኑ አንድ፣ ቃሬዛው አንድ። የቅሬው ዳኛ ሐጂ የሱፍ ከዘራቸውን ተደግፈው መጥተው፣ «ግንቡን ሥሪ መርየም፤ በር ግን ይኑረው። ነገ አንዳችን ብንሞት ቃሬዛው በየት ይወርዳል? በሰማይ?» አሉ። በሩም ቃሬዛ ከነተሸካሚው እንዲያሳልፍ ተደርጎ ታዘዘ።

ዊዳድ በሩን ያዘዘችው ኮምቦልቻ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ዝናብ ያዛትና ከአንድ ብየዳ ቤት ጥላ ሥር ተጠለለች። ወጣቱ በያጅ ሥራውን አቁሞ በርጩማ ሰጣት። ዝናቡ እስኪያባራ ስለ በሩ አወራችው። እሱም ከሥፋቱና ከቁመቱ በፊት ያላሰበችውን ነገር ጠየቃት፤ በዚያ በኩል ማን ያልፍ እንደነበር። ስሙ ሙንዚር ነው። ስሙን ሲነግራት ፊቱ ላይ የብረት ጥላሸት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ሚኒባስ ውስጥ ሆና እስከ ሐረጎ ያንን ጥላሸት አሰበችው።

አሁን ደወለችለት።

«መቀርቀሪያውን በሰው በኩል አደረግከው።»

«እንዴት? በባለቤቷ በኩል እኮ ነው ያደረግኩት።»

«ባለቤቷ እናቴ ናት። ሐይቅ ነበርን።»

ሙንዚር ነገሩን አስረዳት። መኪናው ወደ ላይኛው ሰፈር መውጣት ስላልቻለ በሩን ያስገቡት በታችኛው ግቢ በኩል ነው። አንዲት እናት ወጥተው ተቀበሉት። በነጠላቸው እስከ ግንባራቸው ተሸፋፍነዋል፤ ብርድ ነበር። ምሳ አበሉት። የቀትሩ የዙህር ሶላት ሰዓት ሲደርስ ሳይጠይቃቸው ውኃ በማንቆርቆሪያ ሰጡት፣ ከቤት መስገጃ አውጥተው ከኮኩ ሥር አነጠፉለት። «አንቺ ‹እናቴ መርየም ትባላለች› ብለሽኛል፤ የሚያበላ ባለቤት ነው፣ መስገጃ ያለውም እስላም ነው፤ ሌላ ምን ልበል?» አላት።

ዊዳድ ሳቋን መያዝ አቃታት። ወይዘሮ ገበያነሽ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ፣ ጾም የማይገድፉ ክርስቲያን ናቸው። መስገጃው ግን ለእስላም እንግዳና ጎረቤት ብለው ያስቀመጡት ነው። የዊዳድ አባትም ብዙ ጊዜ ሰግደውበታል።

ቅዳሜ ሙንዚር መጣ። እንደመጣም መሣሪያውን አላወጣም። ከኮኩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ግንቡንና በሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ዊዳድ በበሩ ክፍተት ሆና እሱን ተመለከተችው። በመጨረሻ ተነሥቶ ለወይዘሮ መርየም የሚቻለውን ተናገረ። መቀርቀሪያውን ብቻ ማዛወር አይቻልም፤ በሩ ወደ ታችኛው ግቢ ስለሚከፈት መቃኑ ተነቅሎ መዞር አለበት። ሐምሌ ነው፣ አፈሩ ረስርሷል፣ ግንቡ አሁን ከተነካ ይናዳል። ክረምቱ ይውጣና በራሴ ወጪ አዞረዋለሁ፣ እስከዚያ ሰንሰለት ላድርግ አለ። ወይዘሮ መርየም ሰንሰለት ሌባ ይጠራል ብለው እምቢ አሉ።

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። «ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥቼ እቀረቅርልሻለሁ። ድሮስ ምን ሥራ አለኝ?»

እንዲህም ሆነ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ የወይዘሮ ገበያነሽ ነጠላ ጫማ በድንጋይ ደረጃው ላይ ይሰማል። ከዚያ የብረቱ ድምፅ።

«ቀረቀሩት እትዬ?»

«ቀረቀርኩት።»

«በደንብ?»

«ኧረ መርየም፣ ከአሁን ወዲያ ነፋስም አይገባሽ።»

በመጀመሪያው ሳምንት ንግግሩ ይኸው ብቻ ነበር። እየቆየ ግን ተጨማሪ ነገር ይለጠፍበት ጀመር፤ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ዊዳድ ሟች አባት ቀልድ። ሁለቱ ሴቶች ግንቡ ከተሠራ ወዲህ እንደዚያ አውርተው አያውቁም። ዊዳድ ከቤት ሆና ትሰማለች። ተዘግቶ እንዴት እንዲህ ይወራል? ክፍት ሆኖ ያልነበረውን ወሬ የተዘጋ በር ከየት አመጣው? ነገሩ ገረማትና ለሙንዚር ልትነግረው ፈለገች። ለሌላ ለማን ይነገራል?

እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ «ሲሚንቶውን ለማየት» ይመጣል። ሲሚንቶ በየሳምንቱ የሚታይ ነገር እንዳልሆነ ዊዳድም ታውቃለች፣ ወይዘሮ ገበያነሽም ያውቃሉ፤ ምሳ የሚያስቀምጡለት ሲሚንቶው ጨርሶ እንዳይደርቅ የሚጸልዩ ይመስል ነበር።

«ምንድነው እንደዚህ ተቀምጠህ የምታየው?» አለችው አንድ ቀን።

«መንገዱን። አየሽው? ሣር በቅሎበታል። የላይ ሰፈር ሴቶች አሁን ዞረው ነው ቧንቧው ጋ የሚመጡት፤ ሲደርሱ ደክሟቸዋል፣ ጀሪካኑን ሞልተው መሄድ ብቻ ነው። ልጆቹም ኳሱን በግንቡ ላይ ይወራወራሉ እንጂ አብረው አይጫወቱም። ሰው የሚቀመጥበት ከሌለ ሰላምታው ያጥራል።»

«ይኼን ሁሉ ብየዳ ነው ያስተማረህ?»

«በር ነው ያስተማረኝ። ከገጠምኩ በኋላ ተመልሼ ማየት እወዳለሁ። ሰው ቤቱን ምን እንዳደረገው፣ ቤቱስ ሰውየውን ምን እንዳደረገው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ዊዳድም ማየት ጀመረች። ፋብሪካው ውስጥ ሴቶቹ ምሳቸውን የሚበሉት በአጥሩ ጥግ፣ ቀጭኗን ጥላ ተከትለው በሰልፍ ተቀምጠው ነው፤ ማንም ከማንም አያወራም። ከበሩ ውጭ ካለው የኒም ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ግን ክብ ሠርተው ይስቃሉ፣ ሐዘንም ካለ እዚያው ይሰማል። ሰዎቹ ያው ናቸው። ከሥራ ስትወጣ ብየዳ ቤቱ ጎራ ብላ ይህን ለሙንዚር ነገረችው። እሱም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማት፤ ሲሰማ ዓይኑን አይነቅልም። ሙቀቱ ከላይ፣ የብረቱ ሽታ ከጎን፣ በመሐል የእሷ ልብ እንደ ስፌት መኪና።

ያን ዕለት ማታ ሚኒባሱ ጉም የሸፈነውን ሐረጎን ሲወጣ፣ ዊዳድ እንደ እናቷ ልጅ ሊደርስባት የሚችለውን ክፉ ሁሉ አሰበች። ሊያታልለኝ ይችላል። ሌላ ሴት ሊኖረው ይችላል። ሚኒባሱም ገደል ሊገባ ይችላል። ሦስቱንም አስባ ስትጨርስ ፈገግ እያለች መሆኗን በመስታወቱ አየችው።

ነሐሴ ሲጋመስ ሙንዚር አንዲት አጭር የብረት አግዳሚ ወንበር ይዞ መጣ። በበሩ አጠገብ፣ በወይዘሮ ገበያነሽ በኩል አስቀመጣት። ማታ ማታ ሲያወሩ ጉልበታቸው እንዳይዝል ነው። ወይዘሮ ገበያነሽ ተቀምጠው ሞከሯት፣ ተነሡ፣ እንደገና ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ይኼ ዙፋን ነው። አሁንማ ሞቴን ተቀምጬ ነው የምጠብቀው» አሉት።

ሙንዚርና ዊዳድ ሳቁ። እየሳቁ ሳለ ወይዘሮ መርየም በበሩ ብቅ አሉ። አዲሱን አግዳሚ አዩ። ልጃቸው ከሰው ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆማ እንዴት እንደምትስቅ አዩ። ስንት ሌሊት ያሰቡት ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ገጠመላቸው።

«አሁን ገባኝ» አሉ። «መቀርቀሪያውን በዚያ በኩል ያደረግከው አውቀህ ነው። ቤት ልትለምድ፣ ሰው ልትለምድ። ደካማ ሴት አግኝተህ በምሳ ስም ግቢውን ስታጠና ከረምክ። ነገ በዚህ በር ማን እንደሚገባ አንተ ነህ የምታውቀው።»

ወይዘሮ ገበያነሽ «ተይ መርየም» አሉ። ሙንዚር ግን ለወይዘሮ መርየም አልመለሰም። ወደ ዊዳድ ዞረ። አንድ ቃል ይጠብቅ ነበር። የሆነውን የምታውቀው እሷ ናት፤ በስልክ የነገረው ለእሷ ነው፣ የሳቀችውም እሷ ናት። ዊዳድ አፏን ከፈተች። እናቷን በሰው ፊት ማሳፈር ፈራች። ደግሞም ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ፈራች። አፏን መልሳ ዘጋችው።

«ክረምቱ ሲወጣ መጥቼ አዞረዋለሁ» አለ ሙንዚር ቀስ ብሎ። «አበላሽቼ ጥዬ አልሄድም።» ቦርሳውን አንሥቶ በታችኛው ግቢ የውጭ በር ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ አልመጣም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። በሦስተኛው ሳምንት ዊዳድ ከሥራ አስፈቅዳ ብየዳ ቤቱ ሄደች። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ በአክብሮት ተቀበላት። ያቺን በርጩማም ሰጣት። አክብሮቱ ከስድብ የከፋ ሆነባት።

«እናቴ ስለተናገረችህ…»

«እናትሽ አላስቀየሙኝም። እሳቸው ፈርተው ነው፤ የተዘረፈ ሰው ይፈራል። እኔን የጎዳኝ የአንቺ ዝምታ ነው። አንቺ ታውቂ ነበር።»

ዓይኗን የምታሳርፍበት ስታጣ ከጥግ በኩል አንዲት አግዳሚ አየች። የወይዘሮ ገበያነሽ አግዳሚ አምሳያ ናት፤ አረንጓዴ ተቀብታለች፤ በሩን የቀቡበት ያው ቀለም።

«ይቺ የማን ናት?»

«የእናትሽ። በወዲያ በኩል አንድ፣ በወዲህ በኩል አንድ እንዲሆን ነበር። እሳቸው ቆመው ነው የሚያወሩት። አንድ ቀን መሽቶ ስሄድ ሰምቼ አዘንኩ።» ጓንቱን አጠለቀ። «ማምጣቱ ግን ከእንግዲህ የእኔ ድርሻ አይመስለኝም።»

ዊዳድ ደሴ ስትደርስ ካፊያ ነበር። ወደ ቤት ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የምሳውን፣ የመስገጃውን፣ የስልኩን፣ ለእሳቸው የተሠራችውን አግዳሚ።

«አውቆ አይደለም እማ። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። አንቺ ልጁን ከቤት አባረርሽው፤ እኔ ግን ከልቤ ያባረርኩት አስመሰልኩ። እወደዋለሁ።»

ወይዘሮ መርየም ረጅም መልስ ሊመልሱ አየር ሳቡ። ከዚያ ባሉበት ቀሩ። አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዘነበሉ።

«ቆይ… ዛሬ ቀረቀሩት እንዴ?»

መግሪብ ካለፈ ቆይቷል። ነጠላ ጫማው አልተሰማም። ብረቱም አልጮኸም። ወይዘሮ መርየም ባትሪያቸውን አንሥተው ወጡ። ዊዳድ እናቷ ወደ ቤት ሮጠው በር የሚዘጉ መስሏት ነበር፤ እሳቸው ግን አረንጓዴውን በር በሁለት እጃቸው ገፉት። በሩ ተከፈተ። አግዳሚዋ ባዶ ናት። ደረጃውን ወረዱ። ወይዘሮ ገበያነሽ ከቧንቧው አጠገብ ጭቃው ላይ ወድቀዋል፤ ውኃው አሁንም በላያቸው እየፈሰሰ ነው።

«መርየም» አሉ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። «እግሬ እምቢ አለኝ። መጥራትም አቃተኝ።»

ዊዳድ ወደ ላይ ሮጣ ጮኸች። ግንቡ ከተሠራ ወዲህ የላይ ሰፈር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ በር ጎረፈ። ሐጂ የሱፍ የቅሬውን ቃሬዛ አስያዙ፤ ሌላ መሸከሚያ የለም። ወይዘሮ መርየም ቃሬዛውን ሲያዩ «ያ ረቢ፣ በዚህማ አይሆንም፣ ገደ ቢስ ነው» ብለው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ተኝተው የነበሩት ወይዘሮ ገበያነሽ ግን ከብርድ ልብሱ ውስጥ ድምፃቸው ተሰማ፤ «ተዉ አንሡኝ። ቅሬ ስከፍል ኖሬ ሞቼ ብቻ ልጠቀም እንዴ?» ሐጂ የሱፍ እንኳ ሳቁ። ቃሬዛው በዚያ ለእሱ ተብሎ በተሠራ ሰፊ በር ገብቶ፣ ሕያው ሰው ተሸክሞ ወደ አስፋልቱ ወረደ።

ሐኪም ቤት ገብተው ታዩ። የግራ እግራቸው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ተሰብሯል፤ ሌላው ደህና ነው። ወይዘሮ መርየም ከኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው እርጥብ ቀሚሳቸውን ሲጨምቁ ቆዩ።

«ያ መቀርቀሪያ በእኔ በኩል ቢሆን ኖሮ» አሉ፣ «በጊዜ ቀርቅሬው፣ ጆሮዬን ደፍኜ እተኛ ነበር። እዚያው ብርዱ ይጨርሳቸው ነበር ዊዳድ። የዳኑት አንድ ሰው ስለሳተ ነው።» ጥቂት ቆይተው ጨመሩ፤ «ያቺ አግዳሚ አሁንም ከእሱ ጋ ናት?»

«አለች።»

«ይዞ ይምጣ። በሩን ሊነቅል ሳይሆን፣ አግዳሚዋን ሊያስቀምጥ ብለሽ ንገሪው። ይቅርታውን እኔው በአፌ እጠይቀዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ የራስሽን።»

ዊዳድ ማግስቱን ወረደች። ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ የጎረቤት ሠራተኞች እየሰሙ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ ተናገረች።

«ያን ቀን ማለት የነበረብኝን ዛሬ ልልህ መጣሁ። አውቀህ አይደለም፤ እኔ አውቃለሁ። እንዳትመጣ ሳይሆን እንዳትሄድ ነበር የፈለግኩት፤ ፈርቼ ዝም አልኩ። እንደገና የምፈራ ይመስለኛል። ዝም ግን አልልም።»

ሙንዚር ጓንቱን አንድ በአንድ አወለቀ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለ። «አግዳሚዋን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ የሚያስሩልኝ ከሆነ ዛሬውኑ እንሂድ።»

ወይዘሮ ገበያነሽ እግራቸው በጀሶ ታስሮ ሲመለሱ ማን ይቀርቅር የሚለው ነገር መጣ። ወይዘሮ መርየም እኔ አለሁ አሉ። የመጀመሪያውን ማታ ወርደው በሩን በደንብ ቀረቀሩት፣ ስበውም ሞከሩት። ከዚያ ዞር ሲሉ ራሳቸው በታችኛው ግቢ፣ ቤታቸው በላይኛው መሆኑ ገባቸው። ዊዳድ ከወዲያ በኩል እስኪያማት ሳቀች። ወይዘሮ መርየም ግን መልሰው አልከፈቱትም፤ በሽተኛዋ አጠገብ ፍራሽ አንጥፈው ተኙ። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ዊዳድ በውጭ ዞራ ስትገባ፣ ወይዘሮ ገበያነሽ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኟት። እናቷ ሁለቱም ዓይናቸው ተከድኖ፣ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ሲተኙ አላየቻቸውም።

መስከረም ጠባ። ሙንዚር በቃሉ መሠረት መቃኑን ሊያዞር መሣሪያውን ይዞ መጣ። ወይዘሮ መርየም አረንጓዴ አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠው፣ «አትንካው» አሉት።

ሽማግሌ የመጣው በጥቅምት ነው። ከሙንዚር ወገን ከባቲ የመጡ አጎቱ ነበሩ፣ ሐጂ የሱፍ ነበሩ፣ ሦስተኛዋ በምርኩዝ እያነከሱ የመጡት ወይዘሮ ገበያነሽ ናቸው። አጎትየው ግራ ተጋብተው ሲያዩዋቸው፣ «አብልቼዋለሁ፣ አሰግጄዋለሁ፤ ከዚህ በላይ እናት ምን ታደርጋለች?» ብለው በወንድ ልጅ ወገን ቁጭ አሉ።

ወይዘሮ መርየም ልጁን አልናቁም። የፈሩት መንገዱን ነው። ኮምቦልቻ ይወስዳታል፤ ሐረጎ ጉም ነው፤ ሾፌር ሁሉ ይቸኩላል፤ ማታ ስልኳ ባይነሣ እኔ ምን እሆናለሁ? ይህን ሁሉ ለሽማግሌዎቹ ዘረዘሩ።

ወይዘሮ ገበያነሽ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አንኳኩ። «የእኔ የፊት ለፊት ሁለት ክፍል ባዶ ነው። ልጆቼ ርቀዋል። እነዚህ እዚያ ይግቡ፤ ለሥራ ቀን ይውረዱ፣ ማታ ይውጡ። ጉልበቴም ከእንግዲህ ደረጃ አይወጣም፤ ያን በር የሚቀረቅር ሰው ያስፈልገኛል።»

ዊዳድ ከጓዳ ሆና እናቷን አየች። እናቷም በመጋረጃው ቀዳዳ እሷን አዩ። ከዚያ ወይዘሮ መርየም፣ የሚመጣውን ክፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጡት ይመስል ግራ በተጋባ ድምፅ፣ «ኢንሻአላህ» አሉ።

ኒካሁ በታችኛው ግቢ ታሰረ። የላይ ሰፈር ሰው በአረንጓዴው በር ወረደ፤ በመንገዱ ላይ በቅሎ የነበረው ሣር በአንድ ቀን ተረጋገጠ። ልጆቹ በሁለቱ ግቢ መሐል እየተመላለሱ ማን ከየት እንደመጣ ጠፋ።

ሲመሽ እንግዳው ሄደ። ሙንዚር ወንበር ይለቅማል። ዊዳድ እናቷን እስከ በሩ ሸኘች። ወይዘሮ መርየም ወደ ራሳቸው በኩል ተሻገሩና ቆሙ። መስኮቱ እንዲዘጋ፣ የሚበርድ መሆኑን፣ የወይዘሮ ገበያነሽን መድኃኒት፣ ነገ የሚወርዱበትን የሚኒባስ ሾፌር ፊቱን በደንብ እንድታየው፣ ሁሉንም ነገሯት። ከዚያ የሚባል አለቀ። ዊዳድ በሩን ገጠመችው። እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ ቆየች።

«ቀረቀርሽው?»

«ገና ነኝ እማ።»

ከወዲያ በኩል እናቷ አግዳሚያቸው ላይ ሲቀመጡ ሰማች። እሷም በወዲህ በኩል ተቀመጠች። በመካከላቸው አንድ ላሜራ አለ። ከበላይዋ የኮኩ ቅርንጫፍ በነፋስ ይንሿሿል።

«በይ» አሉ እናቷ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ብርድ ነው። ባልሽም ይጠብቃል። በይ ቀርቅሪው።»

ዊዳድ ተነሥታ ብረቱን ገፋችው። ገባ። ከወዲያ በኩል ወይዘሮ መርየም በመዳፋቸው በሩን አንዴ ገፋ አድርገው ሞከሩት፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ የእግራቸው ድምፅ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሄደ።